እርም ያልኩት ብርቱካን

ውድ ጃፈር፣

«ውድ» የምትለውን ያስገባችው ራሔል ናት፤ የልጄ የቃለ አብ ሚስት። እኔ ፊደል እንደማልቆጥር ታውቃለህ፤ ልትጠይቀኝ ከደብረ ብርሃን ስትመጣ ወረቀትና ብዕር ይዘሽ ነይ ብያት ነው። ዝም ብለሽ «ጃፈር ሆይ» በይው አልኳት። ደብዳቤ እንዲያ አይጀመርም አለችኝ። ተከራከርን፣ ረታችኝ። ብዕሩ በእጇ ነው፣ ምን አደርጋለሁ። ከዚህ በታች ያለው ግን ሁሉም የእኔ ቃል ነው። እንዳታሳምረው፣ እንዳታለዝበው አስምያታለሁ።

አንተም እንደ እኔ ነህ፤ ይህን የሚያነብልህ ልጅህ ኢስሀቅ ይሆናል። ኢስሀቅ፣ የኔ ልጅ፣ አባትህ «ይኸን እለፈው» ቢልህ አትለፈው። አንድም ሳታስቀር አንብብለት።

ጤናዬን አትጠይቀኝ። ስለ ጤናዬ ከእኔ ይልቅ አንተ ታውቃለህ። የምጽፍልህም ስለዚሁ ጤና ነው፤ ተደብቀህ ስለሰጠኸኝ።

አንተና እኔ ከወጣትነታችን ጀምሮ አብረን በላን። ሥጋ አይደለም። አንተ በቢስሚላህ ታርዳለህ፣ እኔ በስመ አብ ብዬ አርዳለሁ፤ አንዱ ያረደውን ሌላው አይቀምስም፤ ተከባብረን ኖርን። አሊዩ አምባ ስወርድ እናትህ፣ ነፍሷን ይማር፣ «ይኸን የክርስቲያን ልጅ ምን ላብላው» እያለች ትጨነቅ ነበር። ያኔ ብርቱካኑ ይገላግለናል። ፍሬ አራጅ አይፈልግም። ከዛፉ ትቀጥፈዋለህ፣ ልጠህ ከሁለት ትከፍለዋለህ፣ ትልቁን ወገን ለእኔ ትሰጠኛለህ። እኔም ከደጋ የባቄላ እሸት ተሸክሜልህ እወርድ ነበር። ሰው «ሁለቱ ባይተያዩ ይታመማሉ» ይለን ነበር። ቀልድ ነበር ያኔ።

ታዲያ ያን የድንበር ነገር እንዴት አደረግኸው?

አዋሳኜ የነበረው የልዑል አባትና እኔ የእርሻችንን ድንበር ስንለይ አንተ ነበርክ። ለገበያ ወጥተህ እኔ ቤት አድረህ ነበር። «ለሁለታችንም ዘመድ ያልሆነ ሰው ይቁምልን» ብሎ አንተን የጠራህ ራሱ የልዑል አባት ነው። ድንጋዩን ሦስት ሆነን አንከባለልነው። ጣትህን ጨፈለቀህ፤ ጥፍርህ ጠቁሮ ወለቀ፣ ጠማማ ሆኖ በቀለ። የልዑል አባት ዛሬ አፈር ለብሷል። ያን ቀን የሆነውን ያየን ሰዎች አንተና እኔ ብቻ ቀረን።

አባቱ ሲሞት ልዑል ተነሣና «ድንጋዩ ወደ እኛ ተገፍቷል፤ የገፋው ወልደተንሣኤ ነው» አለ። ሽማግሌ ተቀመጠ። እኔ ወንጌል መትቼ ማልኩ። «ምስክር አለህ?» አሉኝ። «አለኝ። ጃፈር ይምጣ» አልኩ፣ ደረቴን ነፍቼ። መጣህ። ነጭ ኮፍያህን አድርገህ፣ ከዘራህን ተደግፈህ። «ጃፈር፣ ድንጋዩ ሲተከል ነበርክ?» አሉህ። መሬት መሬት አየህ።

«ብዙ ዘመን ሆነው። አላስታውስም» አልክ።

«ወላሂ» አላልክም። ይኸን ታዝቤብሃለሁ። ሁሌ ስለ ሽንኩርት ዋጋ እንኳ ወላሂ የምትል ሰው፣ ያን ቀን የአላህን ስም አፍህ ውስጥ አስቀረኸው። እጅህን ደግሞ ጋቢህ ውስጥ ከተትክ። ጥፍርህ እንዳይመሰክር ነው።

ለምን እንደሆነ እኔም አውቃለሁ፣ አገሩም ያውቃል። ብርቱካንህን፣ ሎሚህን፣ ዘይቱንህን አቀበቱን አውጥቶ ደብረ ብርሃን የሚያደርስልህ የልዑል አይሱዙ ነው። ልዑል ፊቱን ቢያዞርብህ ፍሬህ ከዛፉ ሥር ይበሰብሳል። ፍሬዬ ከሚበሰብስ የወልደተንሣኤ ስም ይበስብስ አልክ።

ለልዑል ፈረዱ። እኔም ከተቀመጥኩበት ተነሥቼ፣ አንተ እየሰማህ፣ «ከዛሬ ጀምሮ ጃፈር ያበቀለው ፍሬ እርሜ ይሁን። ብቀምሰው የአባቴን ሥጋ በላሁ» አልኩ። ከዚያ ወዲህ ገበያ ላይ ብርቱካን ባየሁ ቁጥር የማን እንደሆነ ስለማላውቅ የማንንም አልነካሁም። እኔ ከማልኩ ማልኩ።

መሬቷ ትሂድ። ቁራጭ ናት፤ ገብስ እንጂ ወርቅ አታበቅልም። የሄደብኝ ስሜ ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የእኔ ስም «ድንበር ገፊው» ሆነ። ወለተሐና የድንበር ገፊ ሚስት ተብላ ሞተች። ለቅሶዋ ላይ ድንኳን ውስጥ ሲንሾካሾኩ በጆሮዬ ሰምቻለሁ። አንተ ለለቅሶዋ እንኳ አልመጣህም።

እሷ ከሞተች በኋላ የጓሮው ጎመን አብቦ፣ ዘር ሆኖ ደረቀ። እኔ ጓሮ ገብቼ ጎመን ልቀነጥስ? ቆሎ፣ በሶ፣ የገብስ ቂጣ፣ ሽሮ፤ ፆም ሲፈታ በግ። ለወንድ ልጅ ከዚህ ወዲያ ምን ያስፈልገዋል አልኩ። ጎረቤቴ ገብረአብ «ኧረ ወልዴ፣ ጎመን ቀቅለህ ብላ» ሲለኝ «በጎቼ ሲያልቁ እበላዋለሁ» አልኩት።

በመጀመሪያ ጉልበቴ ከዳኝ። ቤተ ክርስቲያን ስሄድ በየአጥሩ ሥር ማረፍ ጀመርኩ። ከዚያ ድዴ አብጦ ወደ ሐምራዊ ሄደ። ቂጣ ስገምጥ ደሜ ቂጣው ላይ ይቀራል። ጥርሴ እንደ ላላ ችካል ይወዛወዛል። ማንም ሳይመታኝ ቅልጥሜ በለዘ፤ በየጠጉሩ ሥር ቀይ ነጥብ ፈሰሰበት። ከሁሉ የገረመኝ ግን ያ ክንዴ ነው። በወጣትነታችን ማጭድ ቆርጦኝ አንተ በሽርጥህ ጫፍ ያሰርክልኝ፣ ስንት ዘመን ጠባሳ ሆኖ የኖረ ቁስል፣ አፉን ከፈተ።

አገሬው ምን አለ መሰለህ? «ወንጌል መትቶ የማለበት አፉ ፈረሰ» አለ። በሐሰት የማለ ጥርሱ ይረግፋል የሚባለውን አንተም ታውቃለህ። የእኔ ጥርስ ሲወዛወዝ እንደ ፍርድ ተቆጠረ። ሽማግሌ የፈረደውን ሰማይ አጸናው ተባለ። ጠበል ሄድኩ። አጠገቤ የምትጠመቅ አንዲት ሴት፣ የማላውቃት ሴት፣ «አባባ፣ ይናዘዙና ይውጣልዎ» አለችኝ። «የሚወጣ የለኝም» አልኳት። አፌ ውስጥ ደም ስለነበረ ቃሉም እንደሚገባ አልወጣም። ራሷን ነቀነቀች።

ጃፈር፣ ይህችን ልብ በልልኝ። እኔም ራሴን መጠራጠር ጀመርኩ። ድንጋዩን በእጄ አንከባልዬ የተከልኩት ሰውዬ፣ «ምናልባት ተሳስቼ ይሆን? ምናልባት ያኔ አልፈን ተክለነው ይሆን?» እያልኩ ተቀምጬ ማሰላሰል ጀመርኩ። ወዳጅህ ሲክድህ የገዛ ዓይንህም ይክድሃል። በሽታው ካደረሰብኝ ሁሉ ይኸ ይብሳል።

ቃለ አብ ደግፎ ሚኒባስ ላይ ጭኖ ደብረ ብርሃን ወሰደኝ። ሐኪሟ ልጅ እግር ናት፤ አነጋገሯ የኛ አገር አይደለም። አፌን አስከፍታ አየች፣ ቅልጥሜን አየች፣ ክንዴን አየች።

«አባባ፣ ምን ምን ይመገባሉ?»

«ሰው የሚበላውን።»

«ትናንት ለምሳሌ?»

«ቂጣና ሽሮ።»

«ከትናንት ወዲያስ?»

«ሽሮና ቂጣ።»

«ጎመን፣ ቃሪያ፣ ፍራፍሬ የለም?»

«የኔ ልጅ፣ በግ አረባለሁ እንጂ በግ አይደለሁም።»

ሳቀች። «በግ ቢሆኑማ ይኸ ባልያዘዎት። በግ ቫይታሚን ሲን በገዛ ሰውነቱ ይሠራዋል። ሰው ነው የማይችለው። በልቶ ማግኘት አለበት፤ አንዴ በላሁ ብሎም አይተወውም፣ ሰውነት ብዙ አያከማችም።» ከዚያ ይኸ ቫይታሚን ሲ የሚሉት ነገር ሥራው ምን እንደሆነ ነገረችኝ። እኔ በገባኝ ልንገርህ፤ በጭቃ ቤት ውስጥ እንዳለ ጭድ ነው። ጭዱ አይታይም። ጭቃውን ግን አያይዞ የሚያቆመው እሱ ነው። ጭዱ ሲጠፋ ግድግዳው ይላላል፤ ድድ ይለቃል፣ የደም ሥር ያፈሳል፣ የዳነ ጠባሳ እንኳ ይተረተራል።

እኔ የቸኮልኩት ለሌላ ነው። «በሐሰት የማለን ሰው ነው የሚይዘው?» አልኳት።

«ምኑ?»

«ይኸ በሽታ። በሐሰት የማለን ሰው ነው ወይ የሚይዘው?»

ብዕሯን አስቀምጣ አየችኝ። «አባባ፣ ይኸ በሽታ የሚይዘው አትክልትና ፍራፍሬ ያጣን ሰው ነው። ቢምልም ባይምልም።»

እዚያ ወንበር ላይ አለቀስኩ። ራሔል ታውቃለች፣ ነበረች። አመመኝ ብዬ አይደለም። ያች ልጅ ፈረደችልኝ።

ኪኒን ሰጠችኝና «ሲያልቅ ብርቱካን፣ ሎሚ፣ ዘይቱን ይብሉ» አለች። «እርሜ ነው» አልኳት። «እርም ማለት?» ስትል ራሔል እጄን ጎትታ አወጣችኝ።

ልጄ ቤት ተቀመጥኩ። ኪኒኑ አለቀ። ራሔል «ሐኪሟ ሽሮፕ አዛለች» ብላ ወደ ብርድ ልብስ ፋብሪካው ሥራዋ ከመሄዷ በፊት ጠዋት ጠዋት በብርጭቆ ታጠጣኝ ጀመር። ይጎመዝዛል፣ ማር አለበት። «ብርቱካን ብርቱካን ይለኛል» አልኳት። «የዘንድሮ መድኃኒት ሁሉ እንዲያ ነው አባባ፤ ሕፃናት እንዳይተፉት ብለው ነው» አለችኝ። አመንኳት። የልጄ ሚስት አይደለች? ድዴ ገጠመ። ጥርሴ ቆመ። የክንዴ ቁስል ዘጋ። ከግቢው በር እስከ አስፋልቱ ያለ ከዘራ ሄድኩ። ባጃጅ የሚነዱት ልጆች «አባባ፣ እናድርስዎት» ሲሉኝ «እናንተን ላድርሳችሁ» እላቸው ጀመር።

አንድ ቀን ሥራ ፈትቼ የግቢውን ቆሻሻ ላቃጥል ብዬ ፌስታሉን ገለበጥኩት። የዘይቱን ቅጠል ፈሰሰ። እቅፍ ሙሉ። ደብረ ብርሃን ላይ ዘይቱን አይበቅልም፣ ብርዱ ይገድለዋል። ከሥሩ ደግሞ የተጨመቀ የብርቱካን ልጣጭ አለ። ሰው ሁሉ ብርቱካን ሲጭን ጭድ ነው የሚያደርግበት። በየደርቡ የዘይቱን ቅጠል የሚያነጥፍ ያንን ቁልቁለት ብታስሰው አንድ ሰው ነው። «ጭድ ይፍቀዋል፣ ቅጠል ያቅፈዋል» እያልክ ስታነጥፍ አብሬህ አላነጠፍኩም?

ራሔል ከሥራ ስትመጣ ቅጠሉን ደጃፉ ላይ ዘርግቼ ጠበቅኳት።

«ሽሮፑ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ሐኪሟ ናት ያዘዘችው አባባ።»

«ሐኪሟ ዘይቱን ቅጠል ታነጥፋለች?»

ቁጭ አለች። ነገረችኝ። ሐኪሟ ያዘዘችውን ከሰው ሰምተህ የፋብሪካው በር ላይ ጠብቀሃት ኖሯል፣ በዚያ ዕድሜህ ከረጢት ተሸክመህ። «ለአያ ወልዴ ነው። ከእኔ መሆኑን አይስማ፤ ከሰማ ይደፋዋል» ብለሃታል። ከዚያም እየመጣህ፣ ሳትችል በሚኒባስ እየላክህ። ዓይንህ እንባ ሞልቶ እንደነበርም ነገረችኝ።

«የሚያለቅስ ሽማግሌ እንዴት ልመልስ?» አለችኝ። «ደግሞ ሳያውቁ ነው የበሉት፤ ኃጢአቱ የእኔ ነው፣ እኔ ወስጃለሁ።»

«ኃጢአት ዘንቢል ነው እንዴ የምትቀባበሉት?» አልኳት።

አሁን ይህን ስትጽፍ እጇ ቆመ። ጻፊው አልኳት። አንቺን ይቅር ብያለሁ፤ አንቺ እንድኖርልሽ ነው ያታለልሽኝ። ጻፊው።

አንተን ግን፣ ጃፈር። ደስ ይለዋል ብለህ ነበር? መጀመሪያ ያየኸውን አላየሁም ብለህ ስሜን አስወሰድክብኝ። ቀጥለህ እኔን ሳትጠይቅ መሐላዬን በጉሮሮዬ አፈረስክብኝ። በአደባባይ ስጠራህ አጣሁህ፤ በጓሮ በር መጣህ። ለምን እንዳለቀስክም አውቀዋለሁ። እኔ ከሞትኩ የድንጋዩን ነገር የሚያውቅ አንተ ብቻ ትሆናለህ፤ ብቻህን ልትሸከመው ፈራህ። ከእኔ ይልቅ ለራስህ ነው መድኃኒት ስታመላልስ የከረምከው።

እንግዲህ አንኮበር ተመለስኩ። ሰው ጥርሴን አየ፣ አረማመዴን አየ። ምን ይል መሰለህ? «በደሉን ተናዞ ዳነ» አለ። ገብረአብ ራሱ እጄን ጨብጦ «ወልዴ፣ እንኳን ተናዘዝክ፤ ለነፍስህ በጀህ» አለኝ።

«አልተናዘዝኩም። ቫይታሚን ሲ አጥቼ ነው» አልኩት።

«እሱ ደግሞ ማን ነው?»

«ጎመን ውስጥ ያለ ነገር ነው።»

«እ? ስንቱ ጎመን ሳይቀምስ ይኖራል፤ ጥርሱ የተነቃነቀው ያንተ ብቻ?» ብሎ ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። ገብረአብ ክፉ ሰው አይደለም። እንደ ዘመድ ማጽናናቱ ነው።

ይኸው ነው የእኔ ነገር። ስታመም በሽታው መሰከረብኝ። ስድን መዳኔ መሰከረብኝ። ዝም ያልከው አንተ ብቻ ነህ።

ከሐኪሟ ጋር በኋላ ተገናኝቻለሁ። «የአንድ ሰው ብርቱካን አለ፤ እሱን ካልበላሁ እሞታለሁ?» ብዬ ጠየቅኳት። «ጎመንና ቃሪያ እያለ ምን ብርቱካን ያስመኝዎታል» አለችኝ። ቃሪያ እንዲያውም ከብርቱካን ይበልጣል አለች። ጎመኑን ግን እንደ ልማዳችን ቀቅዬ ቀቅዬ እንዳልገድለው መከረችኝ፤ ቫይታሚኑን እሳት ይፈጀዋል፣ የቀረውን ውሃው ይዞት ይደፋል። እኔም ጓሮ ገባሁ። አዎ፣ እኔ። ወለተሐና ትዘራበት በነበረው መደብ ላይ ጎመን ዘርቼ በቅሏል። እሳት አስነክቼ ሳይጠወልግ አወጣዋለሁ። ቃሪያውን ራሔል ትልክልኛለች፣ ከአሊዩ አምባ እንዳልመጣ አጣርታ። ጥሬውን እገምጠዋለሁ። ዓይኔ ያነባል፤ የሚያየኝ ሰው ንስሐ የምገባ ይመስለዋል። ይምሰለው።

ስለዚህ ቸግሮኝ አይደለም የጻፍኩልህ። ከረጢት አትላክ። ብርቱካንህ ድዴን ጠግኖልኛል፣ አልክድም። አንተ ያፈረስከው ግን ድዴን አልነበረም።

መሬቱን ልዑል ይረሰው። ደብተሩ በስሙ ወጥቷል፤ አልከስም፣ ሽማግሌም አልጠራም። የምፈልገው አንድ ቃል ነው። አላስታውስም ባልክበት ቦታ፣ በሰሙህ ሰዎች ፊት፣ «ነበርኩ። ድንጋዩ አልተገፋም» በል። ሌላ አትጨምር። ይቅርታም አትበለኝ። ልዑል ፍሬህን አልጭንም ቢል በአህያ አውጣው፤ አይሱዙ ሳይመጣ በምን ነበር የምታወጣው?

ከመስቀል በኋላ መንገዱ ይጠነክራል። እስከዚያ እጠብቅሃለሁ። ካልመጣህ እኔ እወርዳለሁ። ቁልቁለቱን ታውቀዋለህ፤ አምና ይኸ እግር ከደጄ አያሳልፈኝም ነበር። ዘንድሮ በጎቼን ተከትሎ ገደሉን ይወጣል ይወርዳል። በገበያ ቀን፣ ፍሬህን ዘርግተህ በተቀመጥክበት፣ ኢስሀቅና እህቱ አፊፋ አጠገብህ እያሉ፣ ደንበኞችህ እያሉ፣ ፊት ለፊትህ ቆሜ «ጃፈር፣ ነበርክ ወይስ አልነበርክም?» እልሃለሁ። አልጮህም፣ አልሳደብም። መልስህን እስክትሰጠኝ ግን ከፊትህ ንቅንቅ አልልም፤ ቆሜ መዋል እችላለሁ።

የፋብሪካው በር ላይ ከረጢት ተሸክመህ ስትቆም ይኸን አላሰብከውም። ያዳንከው እግር የሚመጣው ወደ አንተ ነው።

ወልደተንሣኤ
ከአንኮበር፣ በራሔል እጅ